ቆሞ የሚሞተው ጦረኛና ከጀርባው የነበርኩት እኔ

ማይክ የያዘ ሰው ሳይ እጄን ይበላኛል። ሰርግ ቢሆን፣ ክርስትና ቢሆን፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «አንዲት ነገር ብቻ ልበል» ብዬ ተነሥቼ አንዲት ነገር ብቻ ብዬ የተቀመጥኩበት ቀን የለም። ባለቤቴ በሽታው የያዘህ በተማሪነትህ ነው ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። በንጉሡ ዘመን ለትምህርት ወደዚህ አገር ስላክ ከክፍል ይልቅ ስብሰባ አዘወትር ነበር። ገበሬው ራሱ የማያውቀውን የገበሬውን ችግር ለሁለት ሰዓት ተናግሬ፣ ውሃ ጠጥቼ፣ እንደገና ቀጥዬ አውቃለሁ። አብዮቱ ያለኔ ንግግር መጣ፣ ያለኔ ንግግርም ሄደ። እኔ ፓሎ አልቶ አንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ገብቼ ዕድሜዬን የሰው ደም ስመረምር ጨረስኩ። ደም ደግሞ ንግግር አያዳምጥም። ሪታየር ሳደርግ የዚያ ሁሉ ዓመት ዝምታ ገንፍሎ ወጣ፤ የሚያዳምጠኝ ግን ባለቤቴና ጎረቤቴ ብቻ ነበሩ። ባለቤቴ ብዙ ሳትቆይ ጆሮ ላይ የሚሰካ ነገር ገዛች።

ጎረቤቴ ሰማንያን ያለፉ ጃፓናዊ ሽማግሌ ናቸው። ጃፓናዊ እላለሁ እንጂ ተወልደው ያደጉት እዚሁ ሳን ሆዜ ነው። ዕድሜ ልካቸውን በእግራቸው እየዞሩ ፖስታ ሲያድሉ የኖሩ፣ ምራቃቸውን የዋጡ ሰው ናቸው። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ። በአጥሩ ላይ ተደግፌ አያቴ ፊታውራሪ እንደነበሩ፣ በጎራዴ ምን ምን እንዳደረጉ፣ ያ ደም እኔም ውስጥ እንዳለ አሥር ዓመት ሙሉ ነግሬያቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር አያቴ የፊታውራሪው በቅሎ ጠባቂ ነበሩ፤ ግን በቅሎዋም እኮ ዘምታለች። እሳቸው ቁጥቋጦአቸውን እየከረከሙ «እህ» ይላሉ። ከ«እህ» ሌላ ቃል የጨመሩበት ቀን ለኔ ዓመት በዓል ነበር።

አንድ ዝናባማ ጥር ላይ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ወደቁ። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ጉልበታቸው ግን ከዚያ ወዲህ አልታዘዝ አለ። ማውንቴን ቪው የምትሠራው አንዲት ልጃቸው መጣችና «አባዬ፣ በቃ። ቤቱ ይሸጥና እኔ ጋ ትኖራለህ» አለች። ሚስታቸው የሞቱት በዚያ ቤት ነው። አጥሩን ጣውላ በጣውላ የመቱት፣ በየዓመቱ ቀለም የሚቀቡት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ቤት መውጣት ለሳቸው ምን ማለት እንደሆነ፣ ሌላ ሰው ሲናገር ጆሮ የሌለኝ እኔ እንኳ ገብቶኝ ነበር። ግቢው ውስጥ ቆመው ሲከራከሩ ሰማሁ። ልጅቷ አልጮኸችም፣ አባቷም አልጮኹም። በመጨረሻ አንድ ስምምነት ላይ ደረሱ።

ስምምነቱ ካቡኪ ላይ ነበር። ካቡኪ የጃፓኖች የድሮ ቲያትር ነው፤ ፊት በነጭና በቀይ ይቀባል፣ ከበሮ ይመታል፣ የጥንት ጦረኞች ታሪክ ይተረካል። እኛ ከተማ ባለው የጃፓኖች ሰፈር አዳራሽ ውስጥ፣ በዓመት አንድ እሑድ፣ ጡረተኞቹ ራሳቸው ይጫወቱታል። ጎረቤቴ በየዓመቱ አንድ ገጸ ባሕርይ ብቻ ነው የሚጫወቱት። ሁለት የጦር ቤቶች ይዋጋሉ፤ የተሸነፈው ቤት ወጣት ጌታ ይሸሻል፤ አንድ ሽማግሌ ጦረኛ የወንዙን መሻገሪያ ይዞ ብቻውን ይቀራል። ቀስት በቀስት ይሆናል። ይሞታል፤ ግን አይወድቅም። ጠላቶቹ ቆሞ ሲያዩት በሕይወት ያለ መስሏቸው ሳይሻገሩ ይቀራሉ፤ ጌታውም ተራራው ላይ ይደርሳል። እንግዲህ የሽማግሌው ሙሉ ጥበብ ሞቶ መቆም ነው። «ዘንድሮም ማንም ሳይደግፈኝ እስከ መጨረሻው ከቆምኩ የቤቱን ነገር አታነሺብኝም፤ ካልቆምኩ ዕቃዬን ይዤ እመጣለሁ» አሏት ጎረቤቴ። ልጅቷ እሺ አለች። እንደማይችሉ እርግጠኛ ስለነበረች እሺ ያለች ይመስለኛል።

በማግስቱ አጥሩን አንኳኩ። «ጠንካራ ሰው እፈልጋለሁ» አሉኝ። «ለጨዋታው።»

ምን ዓይነት ሰው፣ ለምን፣ ብዬ መጠየቅ አልነበረብኝም? አልጠየቅኩም። የአያቴ በቅሎ በልቤ ውስጥ አናፋች። አሥር ዓመት የዘራሁት ፉከራ ፍሬ አፈራ ብዬ፣ ዓረፍተ ነገራቸውን ሳይጨርሱ እሺ አልኩ። ቤት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ኦክላንድ ያለው ወዳጄ ጋ ኮል አደረግሁ። ይህ ሰው ከስብሰባው ዘመን ጀምሮ የማይለየኝ ጓደኛዬ ነው፤ ያኔ እኔ ስናገር የሚያጨበጭበው እሱ ነበር፣ እሱ ሲናገር የማጨበጭበው እኔ። «የጃፓን ጦረኛ ሆኜ መድረክ ልወጣ ነው» አልኩት። እሱ ደግሞ ምሥጢር ሆዱ አያድርም፤ በሳምንቱ ቅዳሴ ሲወጣ ኦክላንድ ያለ ሐበሻ ሁሉ ሰምቷል። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የኔ ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ አፌም ያን ቀን ተከተለው።

የመጀመሪያው ልምምድ ቀን ሽማግሌው ጋራዣቸው ውስጥ አንድ ልብስ ሰጡኝ። ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ኮት፣ ጥቁር ቆብ፣ ፊትን ሙሉ የሚሸፍን ጥቁር ዓይነ ርግብ። ገለበጥኩት፣ አገላበጥኩት። ጎራዴ የለውም።

«ጥሩሬስ፣ የብረት ልብሴስ?» አልኳቸው።

«ጥሩሩን የምለብሰው እኔ ነኝ። አንተ ከኋላዬ ነህ።»

በካቡኪ መድረክ ላይ ጥቁር የለበሰ ሰው ዕቃ ያቀብላል፣ የተዋናዩን ልብስ ያስተካክላል፣ በርጩማ ይገፋል። ተመልካቹ ያየዋል፤ ግን እንዳላየ ይሆናል። የሌለ ሰው ነው። እኔ እንግዲህ የሌለው ሰው ልሆን ነው። ሥራዬ ከጥሩሩ ቀሚስ ሥር ረጅም በርጩማ ማስገባት፣ በግራ እጄ በርጩማውን፣ በቀኝ እጄ የወገባቸውን መታጠቂያ መያዝ፣ እሳቸው ቆመው እስኪሞቱ፣ ሞተውም እስኪቆሙ ድረስ አለመነቃነቅ ነው። ተመልካቹ በርጩማውን አያይም፣ ልጃቸውም አታይም። ማጭበርበር ነው፤ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንዳችንም አላነሳነውም።

«የምናገረው ነገር አለ?» አልኳቸው ተስፋ ባለመቁረጥ።

«የለም።»

ለባለቤቴ ስነግራት መጀመሪያ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «አንተን፣ ፊትህን ሸፍነው፣ አፍህን ዘግተው፣ ሰው ፊት ሊያቆሙህ ነው? የስንት ዓመት ስዕለቴ ነው፤ እኚህ ሰውዬ ምን ይወዳሉ፣ ልውሰድላቸው» አለች። እኔ ተቀየምኩ። ለኦክላንዱ ወዳጄ እውነቱን ልነግረው ስልኬን አነሳሁና «ሚናዬ ከባድ ነው፤ ከዋናው ጦረኛ ጎን አልለይም» ብዬ ዘጋሁት። ውሸት ነው? አንድም ቃል ውሸት የለበትም። ቆሻሻ ነገር ግን ነበር።

ስድስት ሳምንት ተለማመድን። ሽማግሌው ትንሽ ሰው ናቸው፤ ያ ጥሩር ሲጨመርባቸው ግን የቆዳና የብረት ክምር ይሆናሉ። ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር በመታጠቂያው በኩል እጄ ላይ ይሰማኛል፤ ያኔ ቀስ ብዬ ክብደታቸውን ወደ በርጩማው አመጣዋለሁ። አንድም ቀን ያዘኝ ብለውኝ አያውቁም። ሲብስባቸው ትንሽ ይስላሉ፣ እኔም ይገባኛል። የኔም ጉልበት ቢሆን የሰባ ሁለት ዓመት ጉልበት ነው፤ ስንበረከክ ይንቋቋል። አንድ ቀን ሳይዞሩ «ጠላት ይሰማሃል» አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ትከሻቸው ግን ተነቃነቀ። ያን ሰሞን ከተናገርኩት ይልቅ ዝም ያልኩት ይበልጣል፤ ባለቤቴም ጆሮዋ ላይ የምትሰካውን ነገር የት እንዳስቀመጠችው ጠፋባት።

የእሑዱ ቀን ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ነው። ከመድረኩ ጎን ባለች ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ ክው አልኩ። የኦክላንዱ ወዳጄ የቤተ ክርስቲያኑን ቫን ተውሶ አሥራ ሁለት ሰው ጭኖ መጥቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተዋል፤ ወንዶቹ ከረባት አድርገዋል። ባለቤቴ ከመሀላቸው አቀርቅራ ተቀምጣለች። ከወዲያ ማዶ፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ የሽማግሌው ልጅ እጇን አጣጥፋ አለች። ዓይኗ ከአባቷ እግር ላይ አይነቀልም።

ጨዋታው ተጀመረ። ካቡኪ ላይ አንድ ልማድ አለ፤ ተዋናዩ ከፍተኛው ቦታ ላይ ደርሶ እንደ ሐውልት ቀጥ ሲል ከተመልካቹ መሀል ደንበኞቹ ጮክ ብለው ያሞግሱታል። ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ሳይጮህ የቀረ ነው ነውሩ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ወንበር በጃፓንኛ ሲጮኽ የኦክላንዱ ወዳጄ ቀና ሲል አየሁት። በልቡ ያለውን ከቀዳዳዬ ሆኜ አነበብኩት። «ኧረ ይሄማ የኛው ነው» እያለ ነው። ይኸው ሰው እስከዚያ ድረስ በየጦረኛው ፊት ላይ እኔን ሲፈልግ ነበር። ቀለሙ ሁሉንም አንድ አድርጎበታል።

ከዚያ የኔ ተራ ደረሰ። ጎንበስ ብዬ፣ በርጩማዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ገባሁ። ስድስት ሳምንት እንዳልታይ ስለማመድ አካሄዴን ማንም አላረመኝም። እግሬን ወደ ውጭ እየበተንኩ ነው የምሄደው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። ከአሥራ ሁለቱ መሀል አንዲት ሴት «እንዴ፣ እሱ ነው። አረማመዱን እዩት» ስትል በግልጽ ሰማሁ። ወዲያው ወንበሩ ሁሉ ተንሾካሾከ። «ለምን ሸፈኑት?» አለ አንዱ። «ሥራው ምሥጢራዊ ነው» አለ ወዳጄ።

ሽማግሌው መሻገሪያው ላይ ቆሙ። ቀስቱ ወረደ። ጥሩራቸው ላይ በገመድ የሚወጡት ፍላጻዎች አንድ በአንድ ተተከሉ። ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሳሉ፣ በርጩማዬን አስገባሁ፣ መታጠቂያውን ጨበጥኩ። ከበሮው ጸጥ አለ። ከመድረኩ ጎን የተቀመጠው ሰው እንጨት ከእንጨት አጋጨ። ሽማግሌው አንገታቸውን አዙረው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ቀጥ አሉ። ሞቱ፣ ቆሙ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከኋላ ሆኜ እንኳ ፀጉሬ፣ የቀረችው ማለቴ ነው፣ ቆመ። ልጃቸው እጇን ፈትታ አፏ ላይ አድርጋለች። ከኋላ በጃፓንኛ ጮኹላቸው።

ከዚያ ነው «ዘራፍ» የሚል ድምፅ የሰማሁት።

የኦክላንዱ ወዳጄ ተነሥቷል። ሴቶቹ እልል አሉ። በተመልካቹ መሀል እስከ መድረኩ የሚዘልቅ፣ ተዋንያን የሚመላለሱበት የእንጨት መንገድ አለ። እዚያ ላይ ወጥቶ፣ አምስት ዶላር በእጁ ይዞ እየሸለለ መጣ። እኛ ጋ ያስደሰተህን ሰው ግንባሩ ላይ ብር ለጥፈህ ነው የምትሸልመው። ዋናው ጦረኛ አጠገብ ደረሰ፤ አልፎአቸው ከኋላ ዞረ፤ ብሯን በምራቁ አራሰና የኔ ዓይነ ርግብ ላይ ለጠፋት። ጨርቅ አይይዝም፣ ወደቀች። አነሳት። እንደገና ለጠፋት።

እኔስ? ሂድልኝ አላልኩትም። እንዳላየሁ አልሆንኩም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ስድስት ሳምንት የተረሳሁ ሰውዬ፣ እልልታው ለኔ ነው፣ ሽለላው ለኔ ነው። የተሸለመ ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል? ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ይነሳል። ያሳደጉኝ እንዲህ ነው። ቀኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሳሁ።

ቀኝ እጄ የሽማግሌው መታጠቂያ ላይ የነበረው ነው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ጥሩሩ ወደ ቀኝ ዘመመ። ለመያዝ ጊዜ አልነበረም፤ ያለኝ ነገር ራሴ ብቻ ነበር፣ እሱን ሰጠሁ። በግንባሬ ወገባቸውን ደግፌ ገፋሁ። ቆቡ ወለቀ፣ ዓይነ ርግቡም አብሮ ሄደ። እንግዲህ አስቡት፤ የጥንቱ ጀግና ሞተው ቆመዋል፣ ከኋላቸው የአንድ ሐበሻ መላጣ በመብራት ያብረቀርቃል። የኦክላንዱ ወዳጄ በመጨረሻ ራቁት ቆዳ ስላገኘ ደስ ብሎት አምስት ዶላሯን አናቴ ላይ ለጠፋት። ላብ በላብ ሆኜ ነበርና ያኔ ያዘች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መጋረጃው ተጎተተ። ሽማግሌው ግን አልወደቁም፤ መጋረጃው ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም።

ከመድረኩ ኋላ ባለችው ክፍል ውስጥ ከነጥሩራቸው በርጩማዬ ላይ አስቀመጥኳቸው። ባለቤቴ ወዳጄን ፎቶ እንነሳ ሲል በክርኑ ጎትታ አወጣችው። ልጃቸው ገባች። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ዓይኗ ቀልቷል እንጂ አልተቆጣችም። አባቷን አልጠየቀችም። ወደኔ ዞራ «እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ። የደገፉት መጨረሻ ላይ ሲያዘም ብቻ ነው ወይስ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይዘውት ነበር?» አለችኝ።

አየር ሳብኩ። ውሸቱ ተዘጋጅቷል። እንዲያውም ሦስት ክፍል ነበረው፤ ስለ ካቡኪ ደንብ የሚያብራራ መግቢያ፣ በርጩማው ጌጥ ብቻ መሆኑን የሚያስረዳ መካከለኛ ክፍል፣ ስለ አባቷ ጥንካሬ የሚናገር መዝጊያ። ዕድሜዬን ሙሉ ስናገር ኖሬ ለሰው የሚጠቅም ንግግር ያገኘሁት ያን ቀን ነው። ቤታቸውን በእጄ አዝምሜ፣ በአፌ ላቃና ነበር።

«አንሳኝ» አሉ ሽማግሌው።

ያሉት ለኔ ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። በስድስት ሳምንት ልምምድ አንድም ቀን ያልወጣቸውን ቃል ልጃቸው ፊት፣ እሷን እያዩ ተናገሩት። ያቺ ቃል ምን እንደምታስከፍላቸው ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ፤ እሷም አወቀች። አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ሁለት እጄን በብብታቸው ሥር አስገብቼ አነሳኋቸው። ልጃቸው በሌላው በኩል ገባች። ፍላጻዎቹ እኛን እየወጉን ሦስታችንም እስከ በሩ ሄድን።

ቤቱ በፋሲካ ማግስት ተሸጠ። አሁን ሁለት ሕፃናት ያሏቸው ወጣቶች ይኖሩበታል፤ አጥሩን ሌላ ቀለም ቀብተውታል፣ ማየት አልወድም። ለአንድ እልልታ ብዬ ሰው ቤቱን አሳጥቻለሁ፤ ባለቤቴ ይህንን ስል «እሱስ ቀኑ ደርሶ ነበር፣ አንተ ምን ታደርግ» ትለኛለች፣ ግን አይደለም። ሐሙስ ሐሙስ ማውንቴን ቪው ድረስ እነዳና ከሽማግሌው ጋር እቀመጣለሁ። ይቅርታ የጠየቅኩበት ሐሙስ ብዙ ነው፤ «እህ» ብለው ያልፉታል። ባለፈው ግን አፌ አላስችል ብሎኝ፣ እኔ እኮ አስተካክዬ ልነግራት ነበር፣ ለምን አላስጨረሱኝም አልኳቸው።

በመስኮቱ የልጃቸውን መኪና ያያሉ፤ ከሥራ ገብታ ፓርክ እያደረገች ነበር።

«ስድስት ሳምንት ሙሉ እኔ ዋሽቻታለሁ» አሉኝ። «አንተም ስትጨመርባት ማየት አቃተኝ።»